ሙት ወቃሽ አያድርገን

በአገራችን ሰው ስለ ሟች ክፉ ነገር ሊናገር ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። ከዚያ በኋላ መውቀሱን አይተወውም። ቢሆንም አባባሏ ቁም ነገር አላት። ሟች ተነስቶ መልስ አይሰጥምና፣ ወቃሹ ቢያንስ እንዲያፍር ታደርገዋለች። የአይሮፕላን አደጋ ታሪክ ስንመለከት ግን ይህች የሐፍረት ቃል የተረሳችባቸው መዝገቦች ጥቂት አይደሉም። አይሮፕላኑ ወደቀ፣ አብራሪው ሞተ፣ ጥፋቱም የአብራሪው ነው፤ አለቀ ደቀቀ!

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ዓይነት ፍርድ ዝም ብለን ልንቀበል አይገባንም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሰበብና መንስኤ እንድንለይ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1934 የወልወል ግጭት ባይነሳ ኖሮ ኢጣሊያ አትወረንም ነበር የሚል ተማሪ ፈተናውን እንደማያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ወልወል ሰበብ ነው፤ መንስኤው የዓድዋ ቂምና የቅኝ ግዛት ምኞት ነው። ታዲያ ይህን ሚዛን ለጦርነት ከተጠቀምንበት ለአይሮፕላን አደጋ የማንጠቀምበት ለምንድን ነው? ሦስት ታሪኮችን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የኮሜት ታሪክ ነው። ሜይ 2 ቀን 1952 ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት ከለንደን ተነስቶ በካርቱምና በኢንቴቤ በኩል ጆሃንስበርግ ገባ። በዓለም የመጀመሪያው መደበኛ የጄት መንገደኞች በረራ ይህ ነበር። እንግሊዝ አሜሪካንን ቀደምኩ ብላ ኮራች። ሆኖም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አንድ ኮሜት ሮም ላይ መነሳት አቅቶት ከሜዳው ወጣ። በማርች 1953 ደግሞ ሌላው በካራቺ እንዲሁ መነሳት አቅቶት ተከሰከሰ፤ የነበሩበት 11 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በሁለቱም ጊዜ ፍርዱ አንድ ነበር፦ አብራሪው አፍንጫውን ከመጠን በላይ ቀና አድርጎታል። ይሁንና ፋብሪካው ዴ ሃቪላንድ ከዚህ በኋላ የክንፉን የፊት ጠርዝ ቅርጽ ለወጠው። ክንፉ ጥፋት ከሌለበት ለምን ተለወጠ? ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ መልስ ማግኘቱን እንጠራጠራለን።

ሜይ 2 ቀን 1953፣ አገልግሎቱ በተጀመረ ልክ በዓመቱ፣ ሌላ ኮሜት ከካልካታ እንደተነሳ ማዕበል ውስጥ ገብቶ አየር ላይ ተበታተነ፤ 43 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ወይ ነፋሱ ነው፣ ወይ አብራሪው ከነፋሱ ጋር ሲታገል መሪውን ከልክ በላይ ስቦታል አሉ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ግን ከሮም የተነሳው ኮሜት በኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ 35 ሰዎች ሲሞቱ ማዕበልም አልነበረም። በረራው ታገደ። መንስኤው ሳይታወቅ፣ ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረው ሁሉ ተጠጋግኖ፣ ማርች 23 ቀን እንደገና ተፈቀደ። በ16ኛው ቀን፣ ኤፕሪል 8፣ ከሮም ወደ ካይሮ ይበር የነበረ ሌላ ኮሜት በናፖሊ አቅጣጫ ባሕር ውስጥ ገባ። 21 ሰዎች!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህን 21 ሰዎች የገደላቸው ምንድን ነው? ብረቱ ነው ማለት ይቻላል። ግን ብረቱን ያላወቁት ሰዎች «እስኪታወቅ ይቁም» ለማለት ትዕግሥት ማጣታቸውስ? ድርጅቱ ገንዘብ፣ አገሪቱ ክብር እያጣች ነበር። ችኮላውን ያመጣው ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ምርምር ግን የሚያስመሰግን ነው። የባሕር ኃይሉ ስብርባሪውን ከባሕር ወለል ለቅሞ አወጣ። በፋርንቦሮ የሚገኘው የአይሮፕላን ምርምር ተቋም በሰር አርኖልድ ሆል መሪነት አንድ ሙሉ ኮሜት ትልቅ የውሃ ጋን ውስጥ ከተተ። ውሃ በግፊት እያስገቡና እያስወጡ፣ አይሮፕላኑ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል አካሉ የሚነፋውንና የሚጎድለውን ያህል ደጋግመው አስጨነቁት። ቀድሞ የበረረው ሲደመር ከ3,000 በረራ ጥቂት ከፍ ሲል አካሉ ተቀደደ፤ ስንጥቁም የጀመረው ከመስኮት ማዕዘን ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሽቦ አንድ ጊዜ ብናጥፈው አይበጠስም፣ ደጋግመን ብናጥፈው ግን ይበጠሳል። ብረትም ይደክማል። በጣሊያን አገር ሬሳዎቹን የመረመረው ሐኪምም ሳንባቸው የፈነዳው በድንገተኛ የአየር መልቀቅ መሆኑን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። ሙታኑ እንደ አቅማቸው መስክረዋል፤ የሚሰማቸው ዘግይቶ ተገኘ እንጂ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በእርግጥ የሰው ስህተት ያለበት ነው። ማርች 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ፣ ሁለት ጃምቦ ጄቶች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የሆላንዱ የኬ.ኤል.ኤም. ካፒቴን ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ፤ የአሜሪካው ፓን አም አይሮፕላን ደግሞ ከፊቱ እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው ብንል ሐሰት አልተናገርንም። ግን ሁለቱ አይሮፕላኖች መጀመሪያውኑ ወደዚያች ትንሽ ሜዳ ምን አመጣቸው? በጎረቤት ደሴት አይሮፕላን ጣቢያ ቦምብ ፈንድቶ ነው። ለምን አልተያዩም? ጉም ወርዶ ነበር። ለምን አልተሰማሙም? መቆጣጠሪያ ማማውና ፓን አም በአንድ ጊዜ በራዲዮ ሲናገሩ ድምፁ ተጋጭቶ ጩኸት ብቻ ሆነ። ካፒቴኑስ ለምን ቸኮለ? የሆላንድ የሥራ ሰዓት ሕግ ጥብቅ ነበርና ሰዓቱ ካለፈ እዚያው ማደሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። የበረራ መሐንዲሱ ያ የአሜሪካ አይሮፕላን ከሜዳው አልወጣም ይሆን? ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለው፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ካፒቴኑ የድርጅቱ ዋና አሰልጣኝ፣ ፎቶግራፉ በማስታወቂያ ላይ የወጣ ትልቅ ሰው ነበር። ረዳት አብራሪውን ለዚያ አይሮፕላን ፈትኖ ያሳለፈውም እሱ ራሱ ነው። ታዲያ ማን ደፍሮ «ጋሼ፣ ቆይ» ይበለው? ይህን ሆላንድ ብቻ የሚያውቀው አይምሰለን። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል ተብለን ያደግን እኛ ያቺን ዝምታ አሳምረን እናውቃታለን፤ በቤታችንም፣ በክፍላችንም። ከቴኔሪፍ በኋላ አየር መንገዶች ረዳቱ ካፒቴኑን እንዲያርም፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። የራዲዮው አነጋገርም ተስተካከለ። «ካፒቴኑ አጠፋ» ብለው መዝገቡን ዘግተውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። ማርች 10 ቀን 2019 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የ35 አገር ዜጎች፣ 157 ሰዎች፣ አንድም ሳይተርፍ አለቁ። አይሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 2018፣ የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ላይ ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ከአንድ መለኪያ ብቻ የመጣ የተሳሳተ መረጃ አምኖ አፍንጫቸውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አልተብራራም ነበር።

ያም ሆኖ ምን ተባለ? እንደለመደው «አብራሪዎቹ» ተባለ። በአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር፣ እዚህ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ያድነው ነበር የሚል ንግግር ተሰማ። አይሮፕላኑ ግን በአሜሪካም ከበረራ ታግዶ እስከ 2020 መጨረሻ ቆመ። በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ተቆጣጣሪዎችን በማታለል በቀረበበት ክስ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። እርግጥ ነው፣ የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት በ2022 ሲወጣ የአሜሪካው መርማሪ መሥሪያ ቤት የኤምካስን ጥፋት ተቀብሎ፣ የአብራሪዎቹ ድርጊት ግን በበቂ አልተመረመረም ብሏል። ይመርመር፤ የአገራችን ልጆች ስለሆኑ አይመርመሩ አንልም። የምንለው ምርመራው ከእነሱ አይጀምር፣ በእነሱም አያብቃ ነው።

የናፖሊውንና የቢሾፍቱን አደጋ ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው መካከላቸው 65 ዓመት አለ። ቅርጻቸው ግን አንድ ነው። አንድ አደጋ ደረሰ፤ መንስኤው ሳይጣራ በረራው ቀጠለ፤ ሁለተኛው አደጋ መልሱን ይዞ መጣ። 21 ሰዎች እዚያ፣ 157 እዚህ።

እንግዲህ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለት ይሉኝታ ብቻ አይደለም። ሟቹን መውቀስ ለሟቹ ምንም አያመጣበትም። ጉዳቱ ነገ በሚሳፈረው ላይ ነው፤ ሰበቡ ተገኘ ተብሎ ፍለጋው ይቆማልና። ሰበብ ማግኘት አንድ ቀን ይበቃዋል፤ መንስኤ ግን ባሕር ያስቀዝፋል፣ ውሃ ጋን ያሠራል፣ ትልቅ ሰው ያስቀይማል። የታሪክ ተማሪ ሥራውም ይኸው ይመስለናል። መልስ መስጠት ስለማይችሉ ሰዎች ፍርድ ሲሰጥ ስንሰማ «ቆይ፣ ከዚያስ በፊት ምን ነበር?» ብለን እንጠይቅ።