ወደ አሰላ ያልወጣው ባቡር

አሰላ ባቡር ገብቶባት አያውቅም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በናዝሬትና በሞጆ አድርጎ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የእኛን ደጋ በስተደቡብ ትቶት ነው ያለፈው። ባቡር ማየት የፈለገ የአሰላ ሰው ኢተያንና ዴራን አልፎ፣ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ በእኛ ቤት ሦስት ትውልድ ሙሉ ባቡር ተሠርቷል። ከምን አትሉኝም? ከባሕር ዛፍ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከሽቦ።

የመጫወቻ ባቡር በአውሮፓ ትልቅ ወግ ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 የተቋቋመው የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በ1891 በላይፕሲክ የንግድ ትርዒት ላይ ልኩ የታወቀ፣ እየተገጣጠመ የሚረዝም ሐዲድ ያለው የመጫወቻ ባቡር አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አባት ሐዲዱን ይገዛል፣ ልጅ ያስረዝመዋል፣ የልጅ ልጅ ጣቢያና ድልድይ ይጨምርበታል። እዚያ መጫወቻው የመጣው እውነተኛው ባቡር በየደጁ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ግን መጫወቻው ቀድሞ መጣ፤ እውነተኛው እንደወጣ ቀረ።

አጼ ምኒልክ ለስዊሱ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ተጀምሮ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ሕዝባችን ግን “ባቡር” የሚለውን ቃል ለሐዲዱ ብቻ አልተወውም። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መኪና “የሰርኪስ ባቡር” አለው። በየገጠሩ በሞተር የሚፈጨውንም ወፍጮ “ባቡር” ብሎ ጠራው። ጭስ ያለው፣ የሚጮኽና ሰው የማይጎትተው ነገር ሁሉ ባቡር ሆነ እኮ!

አያቴ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር እህል በአጋሰስ ጭነው ናዝሬት ወርደው ነበር። ያዩትን ባቡር ከተመለሱ በኋላ በባሕር ዛፍ ግንድ ቁራጭ ሠሩት። አውድማው ላይ በበትር ሁለት መስመር ጫሩና ሐዲድ አሉት፤ አንደኛው ጫፍ ናዝሬት፣ ሌላኛው ጅቡቲ። ፉርጎው ላይ የሚጫነው ገብስ ነበር። ሄዶ ሲመለስ ምን ይዞ ይመጣ እንደነበር ጠይቄያቸው፣ “ጨውና አቡጀዲ ነዋ፣ ሌላ ምን ያመጣል?” አሉኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የንግድ ትምህርት ማለት ይኸው ነው።

አባቴ ሲያድግ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ በአጭር ስሙ “ካዱ” የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ተጀመረ። የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ይቀርብ ጀመር። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ነገር ግን ስንዴው ሲያዋጣ ባለመሬቱ ዓይኑን ገለጠ። በትራክተርና በኮምባይነር ራሱ ማረስና ማጨድ ከቻለ፣ ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? በጭላሎ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተነሡ።

በዚያን ጊዜ የአባቴ ባቡር ራሱ ትራክተር ሆነ። ፊት የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ኋላ በሽቦ የተቀጣጠሉ ፉርጎዎች፣ ጎማው ቆርኪ። አባቴ ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር አለ። ከጨዋታ ጓደኞቹ አንዱ የጭሰኛ ልጅ ነበር፤ ቤተሰቡ ለማሽን ቦታ ልቀቁ ተብሎ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። ታዲያ ከመሄዳቸው በፊት ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያማረውን ትራክተር የሠራው ያ ልጅ ነበር። ማሽኑን አልጠላውም፤ መሪውን መያዝ ነበር የፈለገው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ፣ አባቴ መጀመሪያ ያሰበው ስለዚያ ልጅ እንደነበር ይናገራል።

እኔም በተራዬ ሠርቻለሁ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ጭነት፣ ያረጀ ነጠላ ጫማ ጎማ ይሆነኝ ነበር። ሽቦ አጣጥፎ የፊትና የኋላውን እግር አንድ ልክ ማድረግ፣ ኩርባ ላይ እንዳይገለበጥ ክብደቱን ወደ ታች ማውረድ፣ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ “የክብደት ማዕከል” ሲባል የሰማሁት ቀድሞ በጣቴ የማውቀውን ነገር ነበር።

አሮጌው ባቡር አርጅቶ ቆሟል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ተመረቀ፤ እሱም በአዳማ አልፎ ወደ ጅቡቲ ወረደ እንጂ ወደ እኛ አልወጣም። በቤታችን ያለው የዛሬው ባቡር ከሱቅ የተገዛ ነው። ፕላስቲክ ነው፤ ሐዲዱ ክብ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል። ልጆቹ ለጥቂት ቀን ያዩትና ይተዉታል። አልፈርድባቸውም። የአያቴ ባቡር መነሻና መድረሻ ነበረው፤ ገብስ ወስዶ ጨው ያመጣ ነበር። ይኸኛው የትም አይሄድም፤ ሲሰበርም መጣል እንጂ መጠገን የለም።

ፕላስቲኩን እናቃጥል አልልም። ግን በየቤታችን ጉጠትና ሽቦ ለልጅ ማቀበል የሚከብድ ነገር አይደለም። በትምህርት ቤትም የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሥዕል ወረቀት ማደያ ብቻ ባይሆን ደግ ነው። አያቴ የሠሩት ባቡር ከብዙ ዘመን በፊት ምድጃ ገብቶ ነዷል። አባቴ ዘንድ የደረሰው አሠራሩ ነው፤ እኔም ዘንድ የደረሰው እሱው ነው።