የካንሰር ሕዋስ ስለምን ስኳር ያበዛል?

በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች መካከል ዛሬ የምናቀርብላችሁ፣ የአንጀት ሕዋስ በካንሰር ሲያዝ አመጋገቡ እንዴት እንደሚለወጥና ሊቃውንት ይህን እንዴት እንደ ደረሱበት የሚያስረዳውን ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

ነገሩ ከነቀምቴ ማጀት የራቀ ቢመስላችሁ፣ ለእንጀራ የተቦካውን ሊጥ አስቡ። ቡኮው ተከድኖ ሲያድር ጥቃቅን ተሕዋስያን ያለ አየር ስኳሩን እየበሉ ያኮመጥጡታል። ጤናማው ሕዋስ ግን አየር እስካገኘ ድረስ ግሉኮሱን አሟጦ ያነደዋል፤ በዚህም የሚያገኘው ኀይል በመቡካት ከሚገኘው 15 እጥፍ ያህል ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት ኦቶ ዋርቡርግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በበርሊን ሲመረምር፣ የካንሰር ሕዋስ አየር ሞልቶለት ሳለ እንኳ እንደ ሊጥ የሚቦካ ሆኖ አገኘው። የካንሰር መነሻው የሕዋሱ አተነፋፈስ መበላሸት ነው ብሎ እስከ ሞተበት እስከ 1970 ድረስ ተከራከረ። በዚህስ ተሳስቶ ነበር፤ የብዙዎቹ የካንሰር ሕዋሳት መተንፈሻ ደኅና ሆኖ ተገኝቷልና። ታዲያ የመቡካቱን ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው?

ለመንግሥት ሠራተኛ ይህን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል። ዋናው ሰነድ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ወደ ሥራ ክፍል የሚላከው ግልባጩ ነው። በሕዋስም ውስጥ ሰነዱ ዲ.ኤን.ኤ.፣ ግልባጩም አር.ኤን.ኤ. ይባላል፤ ኢንዛይሞች የሚሠሩት በግልባጩ ትእዛዝ ነው። በ1993 ቪክቶር አምብሮስና ጌሪ ራቭከን የተባሉ አሜሪካውያን፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር በሚያህል ትል ውስጥ፣ 22 ፊደላት ያህል ብቻ ያሏት አር.ኤን.ኤ. ግልባጩ ላይ እየተለጠፈች ትእዛዙን እንደምታግድ አስታወቁ። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የተባለችው ይህች ናት። የትል ጠባይ ብቻ ናት ተብላ ችላ ተብላ ነበር፤ በ2000 ሌላዋ እኅቷ በሰው ገላ ስትገኝ ግን ሁሉም ፊቱን መለሰ። ሁለቱም ሊቃውንት በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ወደ አንጀት እንመለስ። በ2003 በአውስትራሊያ፣ በትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ 143 እና 145 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ማይክሮ አር.ኤን.ኤዎች አንሰው ተገኙ። በ2012 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ባለ 143 ቁጥሯ ሄክሶካይኔዝ ሁለት የተባለውን ኢንዛይም እንደምታግድ በቤተ ሙከራ አሳዩ፤ ይህም ወደ ሕዋስ በገባው ግሉኮስ ላይ የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራ ነው። ተቆጣጣሪዋ ስትጠፋ ኢንዛይሙ ይበዛል፣ ስኳሩም በገፍ ይቦካል ማለት ነው። ነገር ግን በ2014 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ይህች ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. በብዛት የምትገኘው ካንሰሩ በሚነሣበት በአንጀት ሽፋን ሳይሆን ከሥሩ ሆነው በሚደግፉት ሕዋሳት ውስጥ ነው ብለው ተቃወሙ። በዕጢው ውስጥ ያነሰችው ደጋፊዎቹ ስላነሱ ሊሆን ይችላል። በበኩሌ ከግኝቱ ይልቅ ይህ ክርክር ያስተምረኛል።

ለወለጋ ሰው ምን ይረባዋል ትሉ ይሆናል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ሳይዛመት ከተገኘ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ይሁን እንጂ ከሰገራ ጋር የሚወጣውን ደም ኪንታሮት ነው ብሎ በቤቱ የሚከርመው ሰው ብዙ ነው። ነቀምቴ የስዊድን ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ሆስፒታል ከድሮ ጀምሮ አላት፤ የጨረር ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከነቀምቴ ከ300፣ ከደምቢ ዶሎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. በደም ውስጥ ሳትፈርስ ስለምትቆይ፣ ሊቃውንት በእርሷ ካንሰሩን ቀድሞ ለማወቅ ይደክማሉ፤ ይህ ቢሳካ በበሽተኛው ፈንታ አንዲት ብልቃጥ ደም መንገዱን ትሄድለት ነበር። ምርመራው ግን ገና በሆስፒታሎች የዘወትር ሥራ አልገባም፤ ሐኪሙ ዛሬም የሚተማመነው አንጀትን ውስጥ ለውስጥ በመሣሪያ አይቶ፣ ከዕጢውም ቁራጭ ወስዶ በማስመርመር ነው።