የጂን ቁጥጥርና የታይሮይድ ካንሰር ሕዋስ አዮዳይድ የመሳብ አቅም

የታይሮይድ ካንሰር ሕዋስ አዮዳይድን ከደም መሳብ አለመሳቡ በዋናነት የሚወሰነው በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ኤስኤልሲ5ኤ5 የተባለ ጂን በመነበቡ ወይም ዝም በማለቱ ነው። ጂኑ ሲነበብ የሚሠራው ፕሮቲን ሶዲየም አዮዳይድ ሲምፖርተር፣ በአጭሩ ኒስ ይባላል። ኒስ 643 አሚኖ አሲዶች አሉት። በደም በኩል ባለው የሕዋሱ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ሁለት የሶዲየም አየኖች ሲገቡ አንድ አዮዳይድ አብሮ ያስገባል። በጤነኛ ታይሮይድ ውስጥ ያለው አዮዳይድ በደም ካለው ከ20 እስከ 40 እጥፍ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የአይጡን ጂን የናንሲ ካራስኮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 ለይቶ አውጥቶታል።

ጂኑን የሚቀሰቅሰው ከፒቱታሪ እጢ የሚመነጨው ቲኤስኤች ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ተቀባዩን ሲያገኝ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክት አስተላላፊ ሞለኪውል ይበዛል፤ ፓክስ8 የተባለ ፕሮቲንም በጂኑ ቀስቃሽ ክፍል ላይ አርፎ ንባቡን ያስጀምራል። ሐኪሞች ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ከመስጠታቸው በፊት ቲኤስኤች እንዲጨምር የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን የሚያስቋርጡት ወይም ሰው ሠራሽ ቲኤስኤች የሚወጉት ለዚህ ነው። ታማሚው አዮዲን ያለበትን ጨው ለጊዜው እንዲተውም ይነገረዋል፤ ተራው አዮዲን ራዲዮአክቲቩን ይሻማዋልና።

በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፤ ታፍኗል እንጂ። የሕክምናው ተስፋ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ፓፒላሪ በተባለው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት በብዛት የሚገኘው ብራፍ ቪ600ኢ የተባለ ሚውቴሽን ኤምኤፒኬ የሚባለውን የእድገት መልእክት መስመር ያለማቋረጥ ያስሮጠዋል። ሕዋሱ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለ ፕሮቲንም ያመነጫል፤ ይህም የፓክስ8ን ሥራ ያግዳል። ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ሂስቶኖችም አሴቲል ይነጠቁና ጂኑ ለንባብ ይዘጋል። ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር እንዲህ ሲሆን፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና አይደርስበትም።

የታፈነ ጂን ግን ሊቀሰቀስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ካንሰራቸው ለአዮዲን እምቢ ያለ 20 ታማሚዎች የኤምኤፒኬን መስመር የሚያግደውን ሴሉሜቲኒብ ወሰዱ። በ12ቱ የአዮዲን ስበቱ ጨመረ፤ 8ቱ ለሕክምና የሚበቃ ደረጃ ላይ ደረሱ፤ የ5ቱ ካንሰር በግልጽ ሟሸሸ። ኤንራስ በተባለ ጂን ላይ ሚውቴሽን የነበረባቸው አምስት ታማሚዎች በሙሉ ከስምንቱ ውስጥ ነበሩ። ኋላ ላይ ይኸው መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ባደረጉና በሚውቴሽን ባልተመረጡ 233 ታማሚዎች ሲሞከር ግን ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸውን ቁጥር ትርጉም ባለው መጠን አልጨመረም። ይህ ታማሚን በሚውቴሽኑ ለይቶ ማከም የሚለውን ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ መንገዱን አይዘጋውም።

የጂኑ መነበብ ብቻውን አይበቃም። በአንዳንድ ካንሰሮች ኒስ በብዛት እየተሠራ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ ፒቢኤፍ የተባለ ፕሮቲንም ከሽፋኑ ነቅሎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና በኒስ ተሞልቶ ሳለ በስካን ላይ አንዳች አዮዲን የማይታይበት ታማሚ የሚያጋጥመው በዚህ የተነሳ ነው።