ለወራት የሚቆም ተሽከርካሪ ባትሪ አያያዝ

የእርሻ ወቅት ሲያልፍ ትራክተር ይቆማል። እንደ መተማና ቋራ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ሥራው ያበቃ ትራክተር ቀጣዩ ክረምት እስኪቃረብ ለወራት ላይነሳ ይችላል። በከተማም ነዳጅ ሲታጣ፣ መለዋወጫ ሲጠበቅ ወይም ባለቤቱ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሔድ መኪና ለሳምንታት ይቆማል። ሞተሩ ቢያርፍም ባትሪው ግን አያርፍም። ጥንቃቄ ካልተደረገለት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ በተዘጋጀበት ቀን ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል።

ባትሪ ቆሞ ለምን ይደክማል?

በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የእርሳስ ሰሌዳዎችንና በውኃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድን የያዙ 6 ክፍሎች አሉት። ምንም ነገር ባይያያዝበትም በውስጡ በሚካሔደው ኬሚካዊ ለውጥ ምክንያት ኀይሉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። በመሆኑም በቆላ የቆመ ባትሪ በደጋ ከቆመው ቀድሞ ይደክማል።

ሁለተኛው ምክንያት ቁልፍ ከተነቀለ በኋላም ኀይል የሚወስዱት ሰዓት፣ የስርቆት መከላከያና ጂፒኤስ ናቸው። እነዚህ በድምሩ 50 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በዚህ ስሌት በ25 ቀናት ውስጥ ግማሽ ኀይሉን ያጣል።

ኀይሉ ተሟጥጦ የሚቆይ ባትሪ ጉዳቱ የከፋ ነው። በሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠጠረ ስለሚሔድ፣ ኋላ ቻርጅ ቢደረግም ባትሪው የቀድሞ አቅሙን ላይመልስ ይችላል።

ከመቆሙ በፊት

ባትሪው ሙሉ ኾኖ መቆም አለበት። ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በቮልቴጅ መለኪያ ሲታይ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። ወደ 12.4 ሲወርድ ቻርጅ ማድረግ ይገባል፤ 12.2 ግማሽ ያህል መድከሙን ያመለክታል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ለሚቆም ተሽከርካሪ ገመዱን መፍታት ይመከራል። በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች የመኪናው ብረት ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ በመኾኑ አስቀድሞ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ሲመለስም መጨረሻ ላይ የሚታሰረው እርሱ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መፍቻው ብረት ነክቶ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ዘመናዊ መኪና ያለው ሰው ከመፍታቱ በፊት የመኪናውን መመሪያ ይመልከት።

ገመድ መፍታት የውጭውን ፍጆታ ያስቆማል እንጂ የውስጡን መድከም አያስቀርም። ስለዚህ በየወሩ መለካት ያስፈልጋል።

ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት በቂ ነውን?

ብዙዎች በየሳምንቱ ሞተር አስነስተው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያጠፋሉ። ሞተር ማስነሳት ብዙ ኀይል ይወስዳል፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ግን በዚህ አጭር ጊዜ የተወሰደውን ላይተካ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንዳት ይሻላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ግን በጭስ መመረዝ ሕይወት ስለሚያሳጣ ፈጽሞ አይገባም።

ቻርጅ ሲደረግ

ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ምድጃ ባለበት ማዕድ ቤት፣ በመኝታ ክፍል ወይም ሲጋራ በሚጨስበት ቦታ ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው። አየር የሚዘዋወርበት፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይመረጥ።

ቻርጀሩ ከመብራት ሳይያያዝ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር ይገናኝ፤ ሲነቀልም አስቀድሞ መብራቱ ይጥፋ። ለተለመደው ባትሪ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ኀይል ተስማሚ ነው፤ ለባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር ማለት ነው። ሲሞላ ራሱን የማይቀንስ ቻርጀር ለቀናት ተሰክቶ ከቆየ ውኃውን ያደርቃል፤ ሰሌዳዎቹንም ይጎዳል። መብራት በሌለበት የገጠር አካባቢ አነስተኛ የፀሐይ ኀይል ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያው ጋር መጠቀም ይቻላል።

ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ውስጥ ውኃው ሰሌዳዎቹን መሸፈን አለበት። ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም ኾነ የጉድጓድ ውኃ በያዘው ማዕድን ባትሪውን ይጎዳል። አሲድ ዐይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሔድ ይገባል።

የቆመ ትራክተር ባትሪን አውጥቶ ለቤት መብራት ወይም ለቴሌቪዥን መጠቀምም ዕድሜውን ያሳጥራል። የሞተር ማስነሻ ባትሪ የተሠራው በአጭር ጊዜ ብዙ ኀይል ለመስጠት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየሰጠ ለመሟጠጥ አይደለም። ለቤት መብራት ለዚያ የተሠራ የሶላር ባትሪ መያዝ፣ የትራክተሩን ባትሪ ለእርሻ ቀን ያቆየዋል።