የቁሩም ደን ቀለብ በነበረበት ዘመን

በኦማን ዋና ከተማ በሙስካት ውስጥ ባለው የቁሩም ሰፈር፣ በመንገዶችና በገበያ ማዕከላት የተከበበ፣ በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የቆመ የማንግሮቭ ደን አለ። ታጥሮ ስለሚታይ ብዙ ሰው የሰው እጅ ያልነካው፣ ከተማው ሳይደርስበት የተረፈ ቦታ ይመስለዋል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ ይህ ደን ብዙ ሺህ ዓመት የቆየው ሰው እየኖረበት ነው፣ ለአደጋ የተጋለጠውም ሰው ሲተወው ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እዚያው አጠገብ ራስ አል ሐምራ ላይ ጣሊያናውያን አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዛጎል ክምር ቆፍረዋል። ክምሩን የተዉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በአራተኛው ሺህ ዓመት የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከዓሣው አጥንት ጋር የአንድ ትልቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይገኛል። ይህ ቀንድ አውጣ ማንግሮቭ ሥር ባለ ጭቃ ላይ እየተሳበ የረገፈ ቅጠል የሚበላ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ ራሱ ደኑ ያኔም እንደነበረ ይመሰክራል። ዛፉ በምፅዋ አካባቢም የሚበቅለው ዓይነት ነው። የቆመበት ጭቃ አየር ስለሌለው ሥሮቹ እንደ እርሳስ ሽቅብ ወጥተው ይተነፍሳሉ፤ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ስለሚያስወጣ ቅጠሉን የላሰ ሰው ጨውነቱን ያገኘዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ሸርጣኑ ይመገበዋል፣ በሥሮቹ መካከል የዓሣና የሽሪምፕ ጫጩት ከአዳኝ ይሸሸጋል። አጥማጁ ውጭ ባሕሩ ላይ ከሚያጠምደው ገሚሱ እዚህ ያደገ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቅጠሉ ለግመል መኖ፣ እንጨቱ ለማገዶ መሆኑ ደግሞ በዚህ ጠረፍ ሁሉ የታወቀ ነው።

ታዲያ ለቀማውና ቆረጣው ደኑን አላመናመነውምን? ያ ቀንድ አውጣ ዛሬ በኦማን ጠረፍ ብርቅ መሆኑ ለጠያቂው ያግዘዋል። ነገር ግን የአካባቢው አየር በዚያው ዘመን ውስጥ እየደረቀ መሄዱን መርሳት አይገባም፤ ጥፋቱን ሁሉ በበላተኛው ላይ መጫን ይከብዳል። ደኑ ራሱ ደግሞ እስከዛሬ አለ።

ዕጣው የተለወጠው ነዳጅ ሲመጣ ነው። ኦማን እ.ኤ.አ. በ1967 ከቁሩም ጎረቤት ከሚና አል ፋሐል ድፍድፍ ነዳጅ መላክ ጀመረች፣ ከ1970 ወዲህ ከተማው ተስፋፋ። ምድጃው ጋዝ ሲያገኝ ማንግሮቩን የሚፈልገው ጠፋ፣ መሬቱን የሚፈልገው ግን በዛ። መንግሥት በ1975 ቦታውን የከለለው ለዚህ ይመስላል፤ በ2013ም የኦማን የመጀመሪያው የራምሳር ሥፍራ፣ ማለትም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመዘገበ ረግረጋማ ቦታ ሆነ።

ደኑ እንዲህ ተከልሎ ከቆየ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2007 ጎኑ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ቁሩም ለምን በጎርፍ ተጥለቀለቀች የሚል ይኖራል። ማንግሮቭ የባሕርን ሞገድ ኃይል ያበርዳል፤ ከተራራ በደረቅ ወንዝ የሚወርድን ደራሽ ጎርፍ ግን አያቆምም። ያን ጎርፍ ያከፋው የውሃው መውረጃ ላይ የተሠራው መንገድና ሕንፃ ነው፤ ደኑ እንዲያውም የመጣውን ደለልና ቆሻሻ ተሸክሞ ቀረ።