የባቲ ቅኝትና የጊታር ፔዳል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲም በዚሁ ዞን ውስጥ ነች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶቻችን አንዱ የዚህችን ከተማ ስም ይዟል። የክራር አውታሮች አስቀድመው በቅኝቱ ስለሚቃኙ፣ ደርዳሪው ከባቲ ልውጣ ቢል እንኳ የሚወጣበት አውታር የለውም። ጊታር ግን አሥራ ሁለቱንም ኖታዎች ይዟል፤ በእርሱ ላይ ቅኝቱን የሚጠብቀው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ነው። በጣቱ ላይ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ሲጨመር ቅኝቱ ምን ይሆናል? እኛ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ነው።

ድምፅን የሚያሻክረው ፈዝ በአሜሪካ ለገበያ የወጣው በ1962 ነበር (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው)። ድምፁን እንደ ሰው አፍ የሚከፍትና የሚዘጋው ዋዋ በ1967 ተከተለ። ወደ እኛ ሙዚቃም ለመግባት አልዘገየም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒውዮርክ ባሳተመው አልበም ውስጥ የዋዋ ጊታር ከቅኝቶቻችን ጋር አብሮ ይሰማል። እነዚህ ፔዳሎች የሚለውጡት የድምፁን ቀለም እንጂ ኖታውን ስላልሆነ፣ ባቲ በፈዝ ቢሻክርም ባቲነቱ አይጠፋም። እንዲያውም በማሲንቆ ላደገ ጆሮ ሻካራ ድምፅ እንግዳ አይመስለንም።

በ1988 ቦስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤም ኢ 5 የሚባለውን፣ ብዙ ኤፌክቶችን በአንድ ሣጥን ያቀፈ የእግር መሣሪያ አወጣ። ለሠርግና ለበዓል ከከተማ ወደ ከተማ በአውቶቡስ ለሚጓዝ ጊታረኛ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ብዙ ፔዳልና የተጠላለፈ ሽቦ ከመሸከም ይድናል፤ በቤቱ ያዘጋጀውንም ድምፅ ጭፈራው ሳይቋረጥ በአንድ እርግጫ ይጠራዋል።

ችግሩ ያለው ሃርሞኒ በሚባለው ኤፌክት ላይ ነው። ይህ ኤፌክት በተጫወትነው ኖታ ላይ ሌላ ኖታ ይጨምራል፤ የሚጨምረውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ከአውሮጳውያን ሜጀርና ማይነር ስኬል ነው። ባቲን በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብንወስድ፣ በዶ ሜጀር የተዘጋጀው ሣጥን ለዶ ሚን፣ ለሚ ሶልን፣ ለሶል ሲን ያክላል፤ እስከዚህ መልካም ነው። ለፋ ግን ላን፣ ለሲ ደግሞ ሬን ያመጣል፤ ሁለቱም በዚህ ባቲ ውስጥ የሉም። የተጫዋቹ ጣት ሳይሳሳት ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ሌላ ዜማ ይሆናል። ይህን ፋብሪካው ያሰበበት አይመስለንም። ደግነቱ አንዳንድ ሣጥኖች ተጫዋቹ የራሱን ስኬል እንዲያስገባ ይፈቅዳሉ፤ በእነዚህ ላይ ለፋ ዶን፣ ለሲ ሚን ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚታከለው ሁሉ ከቅኝቱ ሳይወጣ ይቀራል።

ኤኮም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በባቲ ውስጥ ሚና ፋ፣ እንዲሁም ሲና ዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚ ኤኮ ሳይጠፋ ፋ ከተመታ ሁለቱ ይጋጫሉ። በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚሄደው ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሌለ ረጅም ኤኮ ያምርበታል። ስለዚህ በመድረክ ላይ ከትዝታ ወደ ባቲ የሚሻገር ጊታረኛ ለሁለቱ የተለያየ ኤኮ አዘጋጅቶ በሁለት ቍጥር ማስቀመጥ ይኖርበታል።