የሀንሰን 26 ጨዋታዎች

ስኮትላንዳዊው የመሀል ተከላካይ አለን ሀንሰን በሊቨርፑል 620 ጨዋታ ተሰልፎ ስምንት የሊግና ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ አንስቷል። ለአገሩ የተጫወተው ግን 26 ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር የሚያነሱ ሰዎች ገሚሱ ስኮትላንድ በደለችው ይላሉ፤ ገሚሱ ደግሞ ያለ ክለብ ጓደኞቹ ተራ ተጫዋች ነበር ባዮች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የመሀል ተከላካይን ብቻውን ይመዝኑታል፤ ሥራው ግን የጥንድ ነው።

ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1977 ከፓርቲክ ትስል በ100 ሺህ ፓውንድ ሲገዛ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለግብግብ የማይቸኩል ወጣት ነበር። አጥቂውን ከመጋፋት ይልቅ ኳሷ የምታልፍበትን መስመር ቀድሞ ይዘጋል፤ ከነጠቀም በኋላ እንደ ዘመኑ ተከላካዮች ወደ ላይ አይለጋትም፣ እየገፋ እስከ መሀል ሜዳ ያወጣታል። ታዲያ ጥሎት የሄደውን ቦታ የሚሸፍንለት ሰው ያስፈልጋል። ይህን መጀመሪያ ፊል ቶምሰን፣ ኋላም ፈጣኑ ማርክ ላውረንሰን ሠርተውለታል። መንገድ ሲዘጋበት ኳሷን ለግብ ጠባቂው ይመልሳል፤ በረኛው በእጁ እንዳይዛት የከለከለው ሕግ የወጣው በ1992፣ ሀንሰን ጫማ በሰቀለ በዓመቱ ነው። ዕድለኛም ነበር።

ብሔራዊ ቡድን እንዲህ ያለ መግባባት የሚገነባበት ጊዜ የለውም። በ1982 የዓለም ዋንጫ፣ ማላጋ ላይ፣ ስኮትላንድና ሶቪየት ኅብረት 1 ለ 1 ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሀንሰንና የአበርዲኑ ዊሊ ሚለር አንድ ኳስ ሊያወጡ ሮጡ፤ እርስ በርስ ተጋጩ። የሶቪየቱ ሼንጌሊያ ብቻውን ሄዶ አገባ። የስኮትላንዱ ሱነስ አቻ ቢያደርግም አገሩ በግብ ልዩነት ወደቀች። ያ ስህተት የችሎታ ማነስ አልነበረም፤ ሁለቱም የለመዱት ሌላ አጣማሪ ነበር።

በ1986 ሀንሰን የሊቨርፑል አምበል ሆኖ ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፕን ባነሳበት ዓመት የስኮትላንድ አሰልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ከሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ቡድን አስቀሩት። ከብሔራዊ ቡድን ጥሪዎች መቅረቱ በምክንያትነት ይነሳል፤ ቀላል ክስም አይደለም። ይሁንና ፈርጉሰን ሚለርንና አሌክስ ማክሊሽን በአበርዲን ራሳቸው አጣምረው፣ በ1983 ሪያል ማድሪድን አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስደውባቸዋል። የተሠራ ጥንድ በእጁ ያለ አሰልጣኝ እሱን መምረጡ አያስወቅስም። ምርጫው ግን ዋጋ ነበረው። ስኮትላንድ በምድቧ ሦስት ጨዋታ ሦስት ግብ ብቻ ተቆጠረባት፣ ያገባችው ደግሞ አንድ። የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገችው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ተጫዋች በቀይ ካርድ ከወጣባት ኡራጓይ ጋር ነበር፤ ከኋላ ኳስ እየገፋ የሚወጣ ሰው ባስፈለጋት በዚያ ቀን 0 ለ 0 ወጥታ ተሰናበተች።